የክቡር አስማማው ማንኪያ

በእኛ አገር ሕግ የሚወድቀው በሳል ነበር። ለቀልድ የምለው እንዳይመስላችሁ፤ ሃያ ሁለት ዓመት የሸንጎውን ቃለ ጉባኤ ስይዝ የኖርኩ ሰው ነኝና ያየሁትን ነው የምጽፈው። በጥንት ጊዜ፣ አሉ፣ አንዱ ሐሳብ ያቀርባል፣ ሌላው ይቃወማል፣ ተቃዋሚው «አንተ ሞኝ» ይላል፣ ሞኝ የተባለው ዱላ ያነሣል። እንዲህ እየሆነ የሸንጎው ወንበር ሰው የማይበረክትበት ሆነ። በመጨረሻ አንድ ብልህ ሽማግሌ ተነሥቶ፣ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከእንግዲህ የሚቃወም ሰው ይሳል እንጂ አይናገር። ሳል ውስጥ ስድብ የለም» አለ። ማንም ስላልሳለበት ሕግ ሆነ።

ሥርዓቱ ቀላል ነው። የቀረበውን ሕግ ጸሐፊው ሦስት ጊዜ ያነበዋል፤ ከእያንዳንዱ ንባብ በኋላ እስከ ሰባት ይቆጥራል። ሳል ካልተሰማ ሕጉ ጸደቀ። አንድ ሳል ከተሰማ ወደቀ። የሳለ ሰው ለምን እንደሳለ አይጠየቅም፣ እሱም አይናገርም፤ ምክንያት ከተጨመረበት ወደ ዱላው ዘመን መመለስ ነውና። የሚያነበው ጸሐፊ ግን መሳል አይችልም። «ጸሐፊ ሳል የለውም» የሚል አንቀጽ አለ። ስለዚህ ከተቀጠርኩበት ቀን ጀምሮ ሳሌን መዋጥ ተማርኩ። ጉንፋን ሲይዘኝ ዓይኔ ይፈጣል፣ የአንገቴ ሥር ይገተራል፣ ድምፅ ግን አይወጣም። ልጄ ስንዱ ገና ትንሽ ሆና፣ «የሰው አባት ሁሉ ሳል አለው፣ የኔ አባት ለምን የለውም?» ብላ እናቷን ጠይቃ ነበር። እናቷም «ሥራው ነው» አለቻት።

ክቡር አስማማው ከመምጣታቸው በፊት ሸንጎው ምን ይመስል እንደነበር ዛሬ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በበጋ አቧራ አለ፣ በክረምት ጉንፋን አለ፤ በመካከል ባሉት ጥቂት ሳምንታት ደግሞ አባ ዘለቀ አሉ። አባ ዘለቀ የቆላው ወረዳ ተወካይ፣ የትምባሆ ጋያ ከአፋቸው የማይለዩ ሽማግሌ ነበሩ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ሕግ እንዳያልፍ ያደረጉት እሳቸው ናቸው፤ ያውም በደረታቸው ብቻ። ምን ሕግ እንደቀረበ ሰምተው የሚያውቁ አይመስለኝም፤ ጆሮአቸውም ከባድ ነበር። ድልድይ የሚፈልገው ሕዝብ በወንዙ ወዲያና ወዲህ ቆሞ በየማለዳው የአባ ዘለቀን ጤና ይጠያየቅ ነበር።

ክቡር አስማማው ንብ ከሚያነቡበት ከላይኛው ወረዳ ተመርጠው መጡ። አጠር ያሉ፣ ፊታቸው ክብ፣ እጃቸው በብርድም የሚሞቅ ሰው ነበሩ። የመጀመሪያውን ዓመት አንድ ቃል ሳይናገሩ አሳለፉ። ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ንግግር የሚያዳምጡ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ እንደገባኝ የሚያዳምጡት ጉሮሮ ነው። ማን በደረቁ እንደሚስል፣ ማን አክታ እንዳስቸገረው፣ ማን ከልቡ እንደሚቃወም፣ ማን ከሚስቱ ተጣልቶ እንደመጣ፣ ሁሉንም ለዩ። የንብ ቀፎ ጆሮ ደቅኖ የሚያዳምጥ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው።

በሁለተኛው ዓመት የድልድዩ ሕግ ለዘጠነኛ ጊዜ ቀረበ። ላነብ ስነሣ ክቡር አስማማው እጃቸውን አነሡና «አንድ አፍታ» አሉ። ከጋቢያቸው ሥር አንዲት ቅል፣ ከኪሳቸው አንዲት የቀንድ ማንኪያ አወጡ። ቅሉ ውስጥ ዝንጅብልና ዳማከሴ የተጨመቀበት ማር ነበር። ከፊተኛው ወንበር ጀምረው «እስቲ አፍዎን ይክፈቱልኝ» እያሉ በየተራ ማጉረስ ያዙ። አባ ዘለቀ ዘንድ ሲደርሱ ቤቱ ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ።

«አንተ ደግሞ ማነህ?» አሉ አባ ዘለቀ።

«ልጅዎ ነኝ አባ። ደረትዎ አሳዝኖኝ ነው» አሉ ክቡር አስማማው፣ ጆሮአቸው ላይ ጎንበስ ብለው።

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። አሥራ አንድ ዓመት ያንን ደረት አገር ፈርቶታል፣ አገር ረግሞታል፤ ያዘነለት ግን አልነበረም። ጋያቸውን ከአፋቸው አወጡና አፋቸውን እንደ ሕፃን ከፈቱ።

ሦስት ጊዜ አነበብኩ። ከሦስተኛው ንባብ በኋላ እስከ ሰባት ቆጠርኩ። ሰባት አልኩ። ዝም። ማሩን ተከትላ የገባች አንዲት ንብ ብቻ ትዞራለች። አለቀስኩ። ጸሐፊ ማልቀስ አልተከለከለም።

ድልድዩ ተሠራ። የት ይሠራ የሚለው ጉዳይ ሳል ሊያስነሣ ይችላል ተብሎ ሕጉ ውስጥ ስላልገባ፣ ግንበኞቹ ጥሩ ድንጋይ ያገኙበት ቦታ ላይ፣ ከወንዙ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ነው የተሠራው። እንዲህም ሆኖ በጣም የሚያምር ድልድይ ነው። ሕዝቡ በእሑድ ልጆቹን ይዞ እየሄደ ይሻገረዋል።

ከዚያ በኋላ በአሥራ አራት ዓመት ሦስት መቶ አሥራ ሰባት ሕግ ጸደቀ። ለእያንዳንዱ ጉሮሮ መድኃኒቱን ያውቁ ነበር፤ ለደረቁ ቅቤ፣ ለሚያፍነው የባሕር ዛፍ እንፋሎት፣ ለሚከረክረው ጤና አዳም። ከልቡ ለሚቃወም ሰው ደግሞ ከነሰፈፉ የተቆረጠ ትልቅ የማር እንጀራ ያጎርሱታል፤ ሰውየው ሰፈፉን አኝኮ ሳይጨርስ ሦስቱም ንባብ ያልቃል። ዝናብ በየወረዳው በተራ እንዲዘንብ የሚያዝዘው ሕግ የጸደቀው እንዲያ ነው። ያንን ዓመት ዝናቡ ተራውን ባይጠብቅም ማንም አልሳለም። እኔ በበኩሌ እንደሳቸው ያለ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ማንኪያቸውን ይዘው ሲነሡ አፌ ሳልጠየቅ ይከፈት ነበር።

ማሩ ለሸንጎ ብቻ መስሏችሁ እንዳታሙአቸው። አባ ዘለቀ በሞት አፋፍ ላይ ሳሉ አጠገባቸው ቁጭ ብለው በማንኪያ ያጎርሱአቸው የነበሩት ክቡር አስማማው ናቸው። አባ ዘለቀ አንድም ሳይስሉ ነው ያረፉት። «ዝም አይነቅዝም» እያሉ ዓይናቸውን የከደኑላቸውም እሳቸው ናቸው። እኔ ቆሜ አይቻለሁ።

በዚያ ጊዜ የአገራችን ዩኒቨርሲቲ ዘጠኝ ዓመት ያለ ፕሬዚዳንት ኖሯል። ያም የሆነው በጠመኔ ነው። ስልሳ መምህራን በቀን ስድስት ሰዓት ጠመኔ እያቦነኑ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ለፕሬዚዳንትነት የቀረበው ሰው ስም ሲነበብ ግማሾቹ ይስላሉ። ያ ሁሉ ሊቅ ሰው በሳል ወደቀ። ሸንጎውም መከረና «የትምህርትን ሕግ ያጸደቀ ሰው ትምህርትን አያጣትም» ብሎ ክቡር አስማማውን ፕሬዚዳንት አድርጎ ላከ። እሳቸውም «ያለ ጸሐፊዬ አልሄድም» አሉና እኔም ወረቀቴን ሰብስቤ ተከተልኩ። ልጄ ስንዱ በዚያው ዓመት እዚያው ዩኒቨርሲቲ ስለገባች ደስታዬ እጥፍ ሆነ።

የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ቅሉ ሦስተኛው ረድፍ ሳይደርስ አለቀ። ከኋላ ያሉት ሲስሉ ከፊት ያሉትን ይቀሰቅሳሉ፣ የፊቶቹ ማሩን ጨርሰው እንደገና ይጀምራሉ። ክቡር አስማማው አልተቆጡም። ሦስት ቀን ክፍላቸውን ዘግተው አሰቡ። በአራተኛው ቀን ወጥተው «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አሉና ጠመኔን ከለከሉ።

ያልተማረ ሰው «ታዲያ በምን አስተማሩ?» ይል ይሆናል። በእጃቸው አስተማሩ። የሒሳቡ መምህር ክንዱን ዘርግቶ ሦስት ማዕዘን በአየር ላይ ይሠራል፣ ተማሪዎቹ ክንዳቸውን ዘርግተው በአየር ላይ ይገለብጣሉ። ፈተናው በአየር ላይ ተጻፈ፣ በአየር ላይም ታረመ። በዚያ ዓመት የወደቀ ተማሪ አልነበረም። ሳሉም በወር ውስጥ ጠፋ። ከጎረቤት አገር ሊቃውንት እየመጡ በኮሪደሩ ቆመው ዝምታውን ያዳምጡ ነበር። አንዱ ባርኔጣውን አውልቆ «እኛ አገር መምህራን እርስ በርስ ይከራከራሉ» ብሎ ሲተክዝ ሰምቻለሁ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ስምምነት የሚቀመጥበት ቤት ያስፈልገዋል ተባለ። ከግቢው በላይ ባለው ኮረብታ ተዳፋት ላይ ታላቁ የስምምነት አዳራሽ ተጀመረ። አንድ ሺህ አራት መቶ ሰው የሚይዝ፣ ጣራው እንደ ቀፎ ክብ ሆኖ በአንድ ትልቅ ወራጅ እንጨት የተያዘ፣ አገሩ አይቶት የማያውቅ ሕንጻ። ግድግዳው ግማሽ ሲደርስ ነው መምህርት ትርንጎ የሳለችው።

መምህርት ትርንጎ አፈር ነው የምታስተምረው። ቀጭን፣ ጫማዋ ሁልጊዜ ጭቃ የነካው፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። በተዳፋቱ ላይ አሥራ ሁለት ችካል ተክላ፣ በሲባጎ አያይዛ፣ በየሳምንቱ ትለካ ነበር። ለምን እንደምትለካ የጠየቃት የለም። የአዳራሹን ግንባታ የሚያስቀጥለው ውሳኔ ሲነበብ፣ በዚያ ሁለት ዓመት ሳል ባልተሰማበት ቤት፣ አንዲት ደረቅ፣ ጥርት ያለች ሳል ተሰማች። ሰው ሁሉ ዞረ። አንዳንዶቹ ድምፁ ምን እንደሆነ እስኪያስታውሱ ጊዜ ወሰደባቸው።

ክቡር አስማማው ማንኪያቸውን ይዘው ወረዱ።

«እኅቴ፣ ጉሮሮሽን አመመሽ?»

«ጉሮሮዬ ደኅና ነው ክቡርነትዎ» አለች። «የታመመው ኮረብታው ነው።»

ቤቱ ተንጫጫ። ከሳል በኋላ ምክንያት መናገር ነውር ነው፤ ዱላ ሊመጣ ነው ብለው ከኋላ በኩል የቆሙም ነበሩ። ክቡር አስማማው ግን እጃቸውን ዘርግተው አረጋጉ። አልተቆጧትም። በማግስቱ አዲስ ሹመት አቋቋሙ፤ የሳል መርማሪ የሚባል። መርማሪው ጆሮውን በሳለው ሰው ጀርባ ላይ ለጥፎ፣ ሳሉ የተቃውሞ ይሁን የበሽታ ለይቶ በማኅተም የሚያረጋግጥ ሰው ነው። በመምህርት ትርንጎ ጀርባ ላይ ሦስት ቀን አዳመጠና «ያረጀ የጠመኔ ሳል፤ ከእንግዲህ ቢደገምም የማይቆጠር» ብሎ ማኅተሙን መታ። በቃለ ጉባኤው ላይ ሳሏን በማስመሪያ ሰረዝኩት። መስመሩ ቀጥ ያለ ነበር፤ በመስመሬ የምኮራ ሰው ነኝ።

በሳምንቱ ወደ ቢሮዬ መጣች።

«ጋሽ ቢያድግልኝ፣ አንድ ነገር ብቻ ጻፍልኝ» አለችኝ።

«ምን ልጻፍ ልጄ?»

«ችካሎቹ በየሳምንቱ አንድ ጣት ወደ ታች ይሄዳሉ። በክረምት ሁለት ጣት። ይቺን ብቻ።»

«በስብሰባ ላይ ያልተባለ ነገር አልጽፍም። በስብሰባ ላይ ደግሞ ምክንያት አይባልም።»

«ታዲያ ኮረብታው በየት በኩል ይናገር?»

ሆድ ይፍጀው ብዬ ወረቀቴን ማስተካከል ጀመርኩ። ከቦርሳዋ አንዱን ችካል አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችና ሄደች። ጫፉ ላይ እርጥብ አፈር ነበረበት። ነፋስ እንዳይበትንብኝ ወረቀቴ ላይ አኖርኩት፤ ለዚያ ጥሩ ነበር። ሥራዬን ስሠራ ግን ዓይኔ እየሄደ እሱ ላይ ያርፋል።

አዳራሹ አለቀ። የሚመረቅበትም ቀን የተማሪዎቹ መመረቂያ ቀን እንዲሆን ተወሰነ። በሕጋችን አንድ ሕንጻ ተከፈተ የሚባለው የመክፈቻው ውሳኔ እዚያው ውስጥ ሦስት ጊዜ ተነብቦ ሳል ሲጠፋ ነው። እስከዚያ ድረስ ሰው ቢገባበትም እንግዳ ነው፤ ውሳኔው ከወደቀ ወዲያው ይወጣል። ጠዋት ላይ ስንዱ ጥቁር ካባዋን ለብሳ፣ ቆቧን እያስተካከለች «አባዬ፣ ሦስተኛው ረድፍ መሐል ላይ ነኝ፣ ከወራጁ ሥር። ቀና ስትል ታየኛለህ» አለችኝ። ሳምኳትና ችካሉን፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ፣ ከወረቀቶቼ ጋር ይዤ ወጣሁ።

መምህርት ትርንጎን በበሩ ላይ አገኘኋት። «አንቺ ደግሞ እንደዚያ እያወቅሽ ትገቢያለሽ?» አልኳት በሹክሹክታ። «ተማሪዎቼ ውስጥ ናቸው» አለችና ገባች።

አንድ ሺህ አራት መቶ ሰው ተቀመጠ። አሥር የማር ጋን ተደርድሮ፣ ክቡር አስማማው በሚያምር ነጭ ልብስ ላይ ያቺን የድሮ የቀንድ ማንኪያቸውን ይዘው፣ አንድም ሰው ሳያልፉ ራሳቸው አጎረሱ። ሦስት ሰዓት ፈጀ። ሲጨርሱ የነበረውን ዝምታ ልነግራችሁ አልችልም። እንዲህ ያለ ዝምታ የሠራ ሰው በዓለም ላይ የለም ብዬ ስለሳቸው ኩራት ተሰማኝ፤ ዓይኔ እንባ ሞላ።

አንደኛውን ንባብ አነበብኩ። አራት ላይ ስደርስ መምህርት ትርንጎ ሳለች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። እኔን እያየች ነው። መርማሪው ማኅተሙን አነሣ፤ «ያረጀ የጠመኔ ሳል። አይቆጠርም።» አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት አልኩ።

ሁለተኛውን ንባብ ሳነብ ወረቀቴ ላይ ነጭ ነገር አየሁ። በእጄ ጠረግሁት። ተመልሶ መጣ። ከላይ፣ ከወራጁና ከግድግዳው መጋጠሚያ፣ እንደ ዱቄት ቀጭን ሆኖ ይወርዳል። ከዚያ ደረቅ እንጨት እንደመስበር ያለ «ቀጭ» የሚል ድምፅ መጣ። ሕዝቡ የበዓሉ ክፍል መስሎት አጨበጨበ። እስከ ሰባት ቆጠርኩ። ማርና ዝንጅብል የዋጠ ጉሮሮ አቧራ አይበግረውም፤ ማንም አልሳለም።

ቀና ስል ስንዱን አየኋት። ጥቁሩ ቆቧ ነጭ ሆኗል። ፈገግ ብላ እጇን በትንሹ አወዛወዘችልኝ።

ሦስተኛውን ንባብ ጀመርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀስ ብዬ አንብቤ አላውቅም። አንዱን ቃል ከሌላው አርቄ አስቀመጥኩት፣ በየነጥቡ ቆምኩ፣ ያም ሆኖ ውሳኔ መጨረሻ አለውና አለቀ። አንድ አልኩ። ሁለት አልኩ። ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመት የዋጥኩት ሁሉ ከሆዴ ተነሣ። የአንገቴ ሥር ተገተረ፣ ዓይኔ ፈጠጠ፣ ችካሉን በእጄ ጨበጥኩ፤ ሦስት ማለት ሲገባኝ ሳልኩ። እንደ ሰው ሳል አልነበረም። አባ ዘለቀ ከመቃብር የተነሡ ነው የሚመስል፤ የመድረኩ መጋረጃ ተወዛወዘ።

መርማሪው ዘሎ ተነሣ። «ጸሐፊ ሳል የለውም! አይቆጠርም!»

ሕዝቡ «አይቆጠርም» ብሎ አጉረመረመ። እውነቱን ነው፤ አንቀጹን እኔም አውቀዋለሁ። ሳሌ እንዳልነበረ ሆኖ አየሩ ላይ ቀረ። ልጄ አፏን በእጇ ሸፍና ታየኛለች፤ ከበላይዋ ወራጁ አለ።

ክቡር አስማማው ማንኪያቸውን ማር ሞልተው ወደ እኔ መጡ። እንደ ልማዳቸው ፈገግ ብለው ወደ አፌ አቀረቡት። አፌን ገጠምኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢ አልኳቸው። ፊታቸው ፊቴ ላይ ቀርቦ ነበርና ሲገረሙ አየሁ፤ የአገሩን ጉሮሮ ሁሉ የሚያውቁ ሰው የኔን ሰምተው አያውቁም ነበር። «ደኅና ነህ?» አሉኝ ቀስ ብለው። በቆጠራ መሐል ከቁጥር ሌላ መናገር ስለማልችል ዓይኔን ወደ ማንኪያው ጣልኩ። እሳቸውም አዩ። እኔ ዘንድ እስኪደርሱ ድረስ ማሩ ላይ አቧራ ወርዶበት ነጭ ሆኗል። ንብ ሲያነቡ ያደጉ ሰው ናቸው፤ ማር ላይ ምን እንደሚወድቅና ከየት እንደሚወድቅ ያውቃሉ። ከማንኪያው ወደ ወራጁ፣ ከወራጁ ወደ መምህርት ትርንጎ፣ ከእሷ በእጄ ወደያዝኩት ችካል አዩ። ቀይ የነበረው ፊታቸው አመድ መሰለ።

ሦስት ሳልል አሁንም ቆሜያለሁ።

ክቡር አስማማው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ማንኪያው ከእጃቸው ወደቀ። ከዚያ እኚያ ሰው፣ ሦስት መቶ አሥራ ሰባት ሕግ ያለ አንድ ኮሽታ ያሳለፉት ሰው፣ አንዲት ትንሽ፣ ያልተለማመደች ሳል ሳሉ።

የፕሬዚዳንት ሳል አይቆጠርም የሚል አንቀጽ የለም፤ ይስላሉ ብሎ ያሰበ ስላልነበረ። ውሳኔው ወደቀ። መርማሪው ማኅተሙን እንዳንጠለጠለ ቀረ። አዳራሹ ያልተከፈተ ሆነ፣ ሕዝቡም ሕግ አክባሪ ነውና ተነሥቶ በሥርዓት፣ ሽማግሌ እያስቀደመ፣ ካባውን እየሰበሰበ ወጣ። መጨረሻ የወጡት መምህርት ትርንጎና ክቡር አስማማው ናቸው። ሜዳው ላይ ቆመን ወደ ኋላ ስናይ ተዳፋቱ ጉልበቱ እንደከዳው ሰው ቁጭ አለ፤ አዳራሹም አብሮት ቁጭ አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ከነአሥሩ የማር ጋን። ስንዱ መጥታ አቀፈችኝና ጆሮዬ ላይ፣ «አባዬ፣ ለካ ሳል አለህ» አለችኝ። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ከሸንጎው ሦስት አጣሪ ሽማግሌዎች ተላኩ። የሚያጣሩት የፈረሰውን ሕንጻ አልነበረም፤ ሳሉን ነው። የፕሬዚዳንቱ ሳል የአቧራ ከሆነ ውሳኔው ጸድቋል፣ አዳራሹ በሕግ ቆሟል፣ በሕግ የቆመ አዳራሽ ደግሞ እዚያው ተዳፋት ላይ ተጠግኖ ሰው ይቀመጥበታል። የተቃውሞ ከሆነ የስምምነት አባት የተባሉት ክቡር አስማማው ተቃውመዋል ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ ለመስማት የደፈረ አልነበረም። መርማሪው በክቡር አስማማው ጀርባ ላይ ጥቂት አዳምጦ «አቧራ» አለ። ሽማግሌዎቹም ወደ ቢሮዬ መጥተው «አቧራ ብለህ ጻፍ። አንዲት ቃል ናት» አሉኝ። ከሰዓት በኋላ መጥተን እንሰማለን ብለው ወጡ።

ብዕሬን ይዤ ቁጭ እንዳልኩ ክቡር አስማማው ገቡ። በአንድ ሳምንት አርጅተዋል። ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ችካል አንሥተው አገላበጡት።

«ክቡርነትዎ፣ ያ ሳል ምን ነበር?» አልኳቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ማንንም ጠይቄው የማላውቀው፣ መጠየቁም የተከለከለ ጥያቄ ነው።

«ሲስሉ እንዲህ ያማል እንዴ?» አሉኝ መልሰው።

«እንደ ሳሉ ነው ጌታዬ። የእውነቱ ያማል።»

«እኔ አልጠየቅሁም» አሉ። «አፋቸውን ክፈቱ አልኩ እንጂ የት ጋ እንደሚያማቸው አንድ ቀን አልጠየቅሁም። አባ ዘለቀን እንኳ።» ችካሉን ወደ ጠረጴዛዬ መለሱት። «የኔን ብቻ ከጻፍክ አቧራ ይሉታል። የሷን ጻፍ። ያንተንም ጻፍ።»

«ጸሐፊ ሳል የለውም እኮ። ከጻፍኩት ጸሐፊ አይደለሁም።»

«አውቃለሁ። እኔም ፕሬዚዳንት አልሆንም።»

ማስመሪያዬን አነሣሁ። ከዚያ አስቀመጥኩት፤ ለዚህ ማስመሪያ አያስፈልግም። ከትርንጎ ሳል ስርዝ አጠገብ፣ ስለ ችካሎቹ ጣት ጭምር፣ ምክንያቱን ሳይቀር ጻፍኩ። እንዲህም ብዬ ጨረስኩ፦ መምህርት ትርንጎ ስለዋል። ጸሐፊው ስሏል። ፕሬዚዳንቱ ስለዋል። ሦስቱም የሳሉት ኮረብታው ስለሚሄድ ነው።

ሦስቱ ሽማግሌዎች መጥተው ተቀመጡ። ቃለ ጉባኤም የሚታተመው ሦስት ጊዜ ተነብቦ ሳል ሲጠፋ ነውና ላሰማቸው ተነሣሁ። የመጀመሪያውን መስመር ሳነብ የሦስቱም ደረት ለሳል ሲነፋ አየሁ። ያን ጊዜ ክቡር አስማማው ከበሩ ጥግ ተነሡ፤ ከፍርስራሹ ውስጥ ያወጧት የቀንድ ማንኪያ፣ ጫፏ ተሰብሯል፣ በእጃቸው ነበረች። ከሰፈፍ ጋር የተቆረጠ ትልቅ የማር እንጀራ ይዘዋል።

«እስቲ አፍዎን ይክፈቱልኝ» አሉ።

ሽማግሌዎቹ በልማድ አፋቸውን ከፈቱ። ሰፈፉን እያኘኩ፣ ዓይናቸውን እያፈጠጡ፣ ሦስቱንም ንባብ ሰሙ። ሰባት አልኩና ማኅተሙን መታሁ። በመጨረሻ ሥራዬ እንዲህ ያለ ነገር ያሳየኝን አምላክ አመሰገንኩ።

በማግስቱ ሁለታችንም ዕቃችንን ይዘን በግቢው ስናልፍ ጠመኔ ተመልሶ ነበር። ከየመስኮቱ ነጭ አቧራ ይወጣል። ከመጀመሪያው ክፍል አንዲት ሳል መጣች፣ ከሁለተኛው ሌላ፣ ከዚያ ከየፎቁ። ክቡር አስማማው ቅላቸውን በብብታቸው ይዘው በቀፎ አፍ እንደሚቆሙ ሁሉ ቆመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«ይቺ ትርንጎ ናት» አሉ። «ከልቧ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ያኛውስ የማን ነው? ምን አሞት ይሆን?» ብለው ሊጠይቁት ወደ ክፍሉ ገቡ።